ሻለቃ፣ ሜዳሊያውና የዛለው ቬንትሌተር

በሉ ቁጭ በሉ። ቁጭ በሉ ስል ቁጭ ማለት ነው እንጂ መንቆራጠጥ አይደለም። አንድ ጎማ ላይ ሁለት ልጅ፤ ተጠጉ። አንተ አሸብር፣ እግርህን ሰብስብ፣ ያንንም ቆርቆሮ መደብደብ ተው፤ የጋራዡ ጩኸት ይበቃናል። ትርንጎዬ፣ የወንድሜ ልጅ፣ አንቺ ጻፊ። እኔ የምናገረውን ነው የምትጽፊው፤ ስስል ግን እንዳትጽፊ።

እኔ «ተረቴን ጫንኩ» ስላችሁ እናንተ «አራግፊው» ነው የምትሉኝ። እንሞክረው። ተረቴን ጫንኩ!

አራግፊው!

ደግ። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ብረት ሁሉ አፍ ነበረው፣ እንስሳ ሁሉ መንጃ ፈቃድ ነበረው። በዚያን ጊዜ አንድ አሮጌ የጦር መኪና ነበር። ትልቅ፣ ቅጠልያ፣ ጎማው ከአሸብር ቁመት የሚበልጥ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወታደሮቹ ወደየቤታቸው ገቡና እሱን ወንዝ ዳር ትተውት ሄዱ። እንስሶቹ አገኙት። አጠቡት፣ ጎማውን ነፉለት፣ ዘይቱን ቀየሩለት፣ ከዚያ «ስምህ ማነው?» አሉት።

«ሻለቃ» አለ።

«ሻለቃ ማን?»

«ሻለቃ፣ በቃ። ስትጠሩኝም ቀጥ ብላችሁ ነው።»

ኩራቱን አያችሁልኝ? ጭቃ በጭቃ ሆኖ እንኳን ይኮራል። ደግሞ ቢኮራ ያምርበታል! መድፍ ጎትቷል፣ ጄኔራል ጭኗል፣ ረግረግ የዋጠውን ስንቱን መኪና ስቦ አውጥቷል። ግን አንድ ነገር ሆዱን ይበላው ነበር። ጄኔራሎቹ ሲሸለሙ አይቷል። ሹፌሩ ሲሸለም አይቷል። ወጥ ሠሪው እንኳን ተሸልሟል! እሱን ግን አንድ ቀን «ደረትህን ስጥ» ያለው የለም።

እንግዲህ የእንስሶቹ ሰፈር ያለው ተራራው ጫፍ ላይ ነው። ምንጫቸው ደርቋል። ውሃ ያለው ቆላ ወንዙ ጋ ነው። ሻለቃ በርሜል በርሜሉን ይጭንና ያንን ዳገት ይወጣል። ጥጆቹ፣ ግልገሎቹ፣ ጫጩቶቹ ሁሉ ጀሪካናቸውን ይዘው ይጠብቁታል። ገና ድምፁን ሲሰሙ «የኛ ሻለቃ መጣ!» እያሉ ይዘላሉ።

ሹፌሯ እሜቴ በቅሎ ነች። መሪ ስትጨብጥ አንገቷ አይታጠፍም፤ መንገዱ ሁሉ የሷ ነው የሚመስለው። ረዳቷ ጦጢት ናት። ጦጢት በሩ ላይ ተንጠልጥላ «ሳበው! ሳበው! ቀኝ ያዢ!» ትላለች። ጎማ ሥር ታኮ የምታደርግ እሷ፣ መስታወት የምትወለውል እሷ። ከሁሉ በላይ ግን ማስጌጥ ትወዳለች። ያየችውን ሁሉ ካላንቆጠቆጠች እንቅልፍ የላትም።

አንድ ቀን ሰፈሩ መከረና «ለሻለቃ ሜዳሊያ እንስጠው» አለ። ጦጢት ከቲማቲም ጣሳ ላይ ክዳኑን ቆረጠች። ጠረበችው፣ ወለወለችው፣ መሐሉ ላይ ኮከብ ቀረጸችበት። አቤት ሲያበራ! ጋሼ በሬ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ሁሉን ሰበሰቡ። ከበሮ ተመታ። «ሻለቃ፣ ደረትዎን ይስጡ!» አሉ።

ሻለቃ ደረቱን ሰጠ። ጦጢትም ሜዳሊያውን ልታስር ሄደች። እንግዲህ የመኪና ደረት ምንድን ነው? የፊቱ ፍርግርግ ነው። ፍርግርጉ ላይ ብቻ ብታስረው ይላቀቃል ብላ ፈራች። እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። አንድ ለስላሳ፣ ወፍራም ነገር አገኘች። «ይሄ ይይዝልኛል» አለች። ሽቦውን ጠመጠመች፣ በፒንሳ ጠበቅ፣ አሁንም ጠበቅ፣ ለክብሩ ብላ እንደገና ጠበቅ።

ያ ለስላሳ ነገር ምን ነበር መሰላችሁ? የዘይት ቱቦው ነዋ!

ቆይ፣ ይሄን ላስረዳችሁ፤ ትርንጎ ይሄን በደንብ ጻፊ። ሞተር ሲሠራ ይግላል። ሙቀቱን ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል፣ ቬንትሌተር ደግሞ እየዞረ ራዲያተሯን ያናፍሳታል። የሌላው መኪና ቬንትሌተር በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ ነው የሚዞር። የሻለቃ ግን በዘይት ነው። የውሃ ወፍጮ አይታችኋል? ውሃው ሲገፋው ድንጋዩ ይዞራል አይደል? እንደዛ ነው። ዘይቱ በቱቦው አድርጎ ወደ ፓምፑ ይመጣል፣ ፓምፑ በኃይል ይገፋዋል፣ ዘይቱ ቬንትሌተሩን ያዞረዋል። ቱቦው ከታነቀ ዘይት የለም። ዘይት ከሌለ ነፋስ የለም። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ሞተር ይፈላል። ገባችሁ? ገባን በሉኝ።

ገባን!

ቱቦው ያኔውኑ «ሻለቃ፣ ይቅርታ፣ አንገቴን...» አለ።

ሻለቃ ግን ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ናት፤ ሕዝቡ እያጨበጨበ ነው። «ዝም በል!» አለው። «ተራ ወታደር በሻለቃ ሜዳሊያ ላይ አይናገርም። ትእዛዝ ነው!»

ቱቦው ዝም አለ። ወታደር አይደል?

ይሄን ሁሉ ከኋላ ሆኖ የሚያይ አንድ ነበር። አያ ጅቦ! አያ ጅቦ በዚያን ጊዜ ሥራው ምን ነበር? ጆንያ ተሸክሞ በየሰፈሩ «ቁራሌው! ያረጀ ብረት፣ የተሰበረ ድስት፣ ባዶ ጣሳ ያለው! ቁራሌው!» እያለ መዞር ነበር። ሽቦው ቱቦው ላይ ሲጠመጠም አየ። ምራቁን ዋጠ። ወደ ጋሼ በሬ ጠጋ አለና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ሻለቃ አንድ ቀን ዳገት ላይ ቆሞ ቢቀርና ፀሐይ ብትጠልቅበት፣ ብረቱ ለኔ ይሁን?» አላቸው።

ጋሼ በሬ ሳቁ። «የኛ ሻለቃ ዳገት ላይ ሊቆም? ከቆመ ውሰደው! ብሎን ሳታስቀር ውሰደው!»

«ሕዝቡ ይስማ!» አለ አያ ጅቦ።

«ሰምተናል!» አለ ሕዝቡ። በኩራት ነው እኮ ያሉት። ማን ጠርጥሮ!

በማግስቱ ሻለቃ ወንዝ ወረደ፣ በርሜሎቹን ሞላ፣ ዳገቱን ጀመረ። ሜዳሊያዋ ደረቱ ላይ ታበራለች። እሜቴ በቅሎ አንገቷን ቀጥ አድርጋለች። ጦጢት በሩ ላይ ትዘፍናለች። ከኋላ ደግሞ ያ ድምፅ፣

«ቁራሌው! ቁራሌው!»

«ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ይከተለናል?» አለች እሜቴ በቅሎ።

«ዳገት ይወድ ይሆናላ» አለች ጦጢት።

የዋርካው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የሙቀቷ መርፌ ተነሳች። ወጣች፣ ወጣች፣ ቀዩ ላይ ተቀመጠች። ውስጥ ጩኸት ሆነ።

ራዲያተሯ «ነደድኩ!» ትላለች።
ቬንትሌተሩ «ዛልኩ፣ ዘይት ስጡኝ!» ይላል።
ፓምፑ «እኔስ ሲደርሰኝ አይደል!» ይላል።
ቱቦው ዝም።

እሜቴ በቅሎ ፍሬን ያዘች። ጦጢት ዘላ ታኮ አደረገች። ኮፈኑን ከፈቱ። ራዲያተሯ ቀዝቀዝ እስክትል ጠበቁና ክዳኗን በጨርቅ ይዘው ፈቱ። ውሃው ሙሉ ነው። ሞተሩን አስነሱ፤ ቬንትሌተሩ ፉርርር ብሎ ዞረ።

«ይኸው ደህና ነው!» አለች ጦጢት።

«ሲቆም ደህና፣ ሲወጣ በሽተኛ» አለች እሜቴ በቅሎ። «እንዲህ ያለ በሽታ ደስ አይለኝም።»

ልክ ነበረች። ቱቦው ሲቀዘቅዝ ጠጠር ስለሚል ትንሽ ዘይት ያሳልፋል። ሲግል ግን ይለሰልሳል፣ ሽቦው ሰምጦ ይገባበታል። ግን ማን ነገራት? የሚያውቀው ቱቦ ዝም በል ተብሏል።

አያ ጅቦ እያለከለከ ደረሰ። «ኮፈኑ ነው» አለ። «ክዳን ተደፍቶበት ማን ይተነፍሳል? አውልቁለት። እኔ እሸከምላችኋለሁ፤ ለጎረቤት ያልሆነ ጀርባ!»

አወለቁለት። አያ ጅቦ ኮፈኑን ጀርባው ላይ ጫነ። ጦጢት በዚያው አቧራውን ልጥረግ ብላ ወደ ፍርግርጉ ስትጠጋ አያ ጅቦ ዘሎ መሐል ገባ።

«ኧረ! ኧረ! ሜዳሊያቸውን እንዳትነኪ! የሻለቃ ክብር እኮ ናት!»

«ተመለሺ ጦጢት» አለ ሻለቃ። «አያ ጅቦ ክብር ያውቃል።»

ሄዱ። ኮፈን የለ፣ ሞተሩ ለሰማይ ተገልጦ። የቀይ አፈሩ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ መርፌዋ ተነሳች። ወጣች፣ ወጣች፣ ቀዩ ላይ ተቀመጠች።

ራዲያተሯ «ነደድኩ ስላችሁ!» ትላለች።
ቬንትሌተሩ «ዘይት! ጠብታ ዘይት!» ይላል።
ፓምፑ ዊዊዊ እያለ ያለቅሳል፤ «አየር ነው የምመጥጠው፣ አየር!»
ቱቦው ዝም።

ቆሙ። ታኮ። እሜቴ በቅሎ የዘይቱን ጋን ከፈተች፣ ዘንጉን ነክራ አየች። ዘይቱ ሙሉ ነው። በመኪናው ሥር ገብታ በየመጋጠሚያው እጇን አስኬደች፤ የሚያፈስ የለም። «ዘይት አለ፣ ቬንትሌተሩ ግን ዘይት ይላል። ታዲያ ይሄ ዘይት የት ነው የሚቀረው?» አለች። አያችሁ፣ ተጠግታለች! ልትደርስበት ነው!

አያ ጅቦም ተጠግታለች ብሎ ፈራ። ቶሎ ብሎ «የዘይት ነገር አይደለም እሜቴ! ከብዶታል! ያ ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታው፣ እኮ ያንድ ዝሆን ጭን ያህላል። አውርዱለት፤ እኔ እሸከማለሁ» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ቸር አደረገህ?» አለችው ጦጢት። «ባለፈው የጠፋ ማንኪያዬን ጆንያህ ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

«በንፋስ ገብቶ ነው» አለ አያ ጅቦ።

ምን ታድርግ፣ ፀሐይ እየዘቀዘቀች ነው። እሜቴ በቅሎ ስኮርታ ጎማውን አወረደች። አያ ጅቦ ኮፈን በጀርባው፣ ጎማ በአንገቱ ሆነ። ወገቡ ቢጎብጥም ፊቱ ይስቃል። ደግሞም እያለፈ የሻለቃ ደረት ፊት ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። «ሁሉም ቢወልቅ ይቺ ሜዳሊያ አትወልቅም! ክብርዎ ትኑር!»

«ትኑር» አለ ሻለቃ። ግን ድምፁ ትንሽ ቀነሰ። የሆነ ነገር ከነከነው።

ሄዱ። የገደሉ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ እሱን ካለፉ ሰፈሩ እኮ ይታያል! እዚያ ጋ መርፌዋ ተነሳች። ወጣችም አይባልም፤ ዘለለች።

ራዲያተሯ «እ...» ብቻ።
ቬንትሌተሩ ቱክ... ቱክ... ቱ።
ፓምፑ ድምፁ ጠፋ።
ቱቦውማ ዝም እንዳለ ነው።

ቆሙ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ድንጋይ። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ከላይ ከሰፈሩ ድምፅ ይመጣል፤ ጥጆቹ ናቸው፣ ጀሪካናቸውን ካ! ካ! ካ! እያደረጉ ይመታሉ። ጥማቸውን ነው የሚመቱት።

«በቃ» አለ አያ ጅቦ። ጎማውን መሬት ላይ አደረገና ላቡን ጠረገ። «አንድ መላ ነው የቀረው። ውሃውን ድፉት። ባዶውን ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

እሜቴ በቅሎ ከካቢናው ወረደች። እንዲህ ቀጥ ብላ ፊቱ ቆመች። «ውሃውን ደፍቼ ምን ይዤ ነው የምደርስ? አንገቴን ነው የማሳያቸው? እነዛ ልጆች ‘ሻለቃ መጣ’ ብለው ጀሪካን ሲዘረጉ ምን ልሞላላቸው? ስማ አያ ጅቦ፣ እኔ እዚሁ ዳገት ላይ በርሜሉን አንድ በአንድ በጀርባዬ አወጣለሁ እንጂ አንዲት ጠብታ አልደፋም!»

«እኔም በጅራቴ!» አለች ጦጢት።

«እንግዲያ ሻለቃ ይቆማል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች» አለ አያ ጅቦ፣ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ። «የጋሼ በሬን ቃል ሕዝቡ ሰምቷል። ነገ ሚዛን ላይ ነው የማወጣዎት፣ ሻለቃ። መሪው ለብቻ፣ በሩ ለብቻ።»

ጦጢት አለቀሰች። ሻለቃ ግን ያስባል። ከላይ ጥጆቹ የሚመቱትን ይሰማል፤ ከፊቱ አያ ጅቦን ያያል። ከዚያ በዚያ በወታደር ድምፁ፣

«አያ ጅቦ! ተጠንቀቅ!» አለ።

አያ ጅቦ ሳያስበው ቀጥ አለ።

«ደረቴ ላይ ያለችው ምንድን ናት?»

«ሜዳሊያዎ ናት፣ ሻለቃ።»

«ከምን ተሠራች?»

«ከ... ከጣሳ።»

«አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጣሳ... መሰብሰብ።»

«መንገድ ላይ የወደቀ ሚስማር ታነሳለህ። የጦጢትን ማንኪያ ወስደሃል። ኮፈኔን ተሸክመሃል፣ ጎማዬን ተሸክመሃል፣ ውሃዬን ልታስደፋ ነው። ይቺ የምታበራ ጣሳ እዚህ አፍንጫህ ሥር ሆና አንድ ጊዜ እንኳን ‘አውልቁለት’ አላልክም። ለምን?»

«ለ... ለክብርዎ ብዬ።»

«ጅብ ለክብር ብሎ ብረት ሲተው የሰማ አለ?» አለ ሻለቃ።

እሜቴ በቅሎ ጦጢትን አየች፣ ጦጢት እጆቿን አየች።

«ቱቦ!» አለ ሻለቃ።

ቱቦው በቀጭኗ ትንፋሹ «አቤት» አለ።

«ዝም በል ብዬህ ነበር።»

«አዎ፣ ሻለቃ።»

«ተሳስቼ ነበር። አሁን ተናገር። ትእዛዝ ነው።»

«ሻለቃ... ሽቦው አንገቴ ላይ ነው። ስንቀዘቅዝ እንደምንም አሳልፋለሁ። ስንግል ያንቀኛል። ዘይቱ ከጀርባዬ ቆሟል፣ ፓምፑ ከፊቴ ይጮኻል፣ እኔ መሐል ላይ ነኝ። ከዋርካው ጀምሮ ልናገር አምሮኝ ነበር፤ ግን ወታደር ነኝ።»

ሻለቃ ሜዳሊያዋን አየ። ዕድሜ ልኩን የጠበቃት እኮ ናት! ያቺን የጣሳ ክዳን በወርቅ አይለውጣትም ነበር። አንዴ በረጅሙ ተነፈሰና፣

«ፍቷት» አለ።

«ሜዳሊያዎን?» አለች ጦጢት፣ እንባዋ እየወረደ።

«የሸለሙኝ ውሃ ስላደረስኩ ነው። ውሃው ካልደረሰ እሷ ምኔ ናት? ፍቺ። ደግሞ አታልቅሺ። ያሰርሽልኝ ከልብሽ ነው፤ ቦታው ነው እንጂ የከፋው።»

ጦጢት ፒንሳዋን አነሳች። ሽቦውን ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ፣ ላቀቀችው። ቱቦው ግን እንደተጨፈለቀ ቀረ። እሜቴ በቅሎ በሞቀ ጨርቅ ያዘችው፣ የታመመ ልጅ እንደሚታሽ አሸችው። ቀስ እያለ ክብ ሆነ። «አሃሃ!» አለ ቱቦው።

ሞተሩን አስነሱ። ቬንትሌተሩ ቱክ አለ። ቱክ... ቱክ። አሁንም ቆመ!

አያ ጅቦ መሬት ላይ ተንከባለለ በሳቅ። «ቢፈታም አልሠራ! ፀሐይዋን እዩዋት፣ ጫፉን ነካች!»

እሜቴ በቅሎ አልሮጠችም። ጆሮዋን ወደ ቬንትሌተሩ ጣል አደረገች። ጉልጉል፣ ጉልጉል ይላል። «አየር ገብቶበታል» አለች። «ፓምፑ አየር መጠጥኩ ሲለን ሰምተን አይደል? ዘይቱ መሐል አየር ተቀምጦ መንገድ ዘግቷል። ጦጢት፣ ቁልፍ!»

ከቬንትሌተሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አደረገች። ፕስስስ! አረፋ ወጣ። ጠበቀች። አሁንም አረፋ። ጠበቀች። ከዚያ ንጹሕ ዘይት፣ አረፋ የሌለበት፣ እንደ ማር ወረደ። ብሎኑን አጠበቀች። የጎደለውን ዘይት ጨመረች። እጇን ጠረገች።

«ሻለቃ፣ ዝግጁ?»

«ወደፊት!»

ፉርርርርርርር!

ልጆች፣ ያንን ነፋስ ማን ይንገራችሁ! ኮፈኑ የለማ! ያንን ማን ነው ያስወለቀው? አያ ጅቦ! ነፋሱ በቀጥታ አያ ጅቦ ፊት ላይ! ጆሮው ወደ ኋላ ተገለበጠ፣ ጢሙ ተበተነ፣ ጆንያው ገደል ገባ። ራዲያተሯ «እሰይ! እሰይ!» ትላለች። ቬንትሌተሩ «ጠገብኩ!» ይላል። ፓምፑ «ደረሰኝ!» ይላል። ቱቦውማ መዝፈን ጀመረ፤ እስከዛሬ ዝም ያለውን ሁሉ አካካሰ። መርፌዋም ወረደች፣ ወረደች፣ መሐል ላይ ተቀመጠች።

እሜቴ በቅሎ አያ ጅቦን ጠራችው። «ያ ኮፈንና ጎማ።»

«የኔ ናቸው» አለ።

«የተባለው ሻለቃ ቆሞ ከቀረ ነው። ሻለቃ ቆሞ ቀርቷል?»

«አ... አልቀረም።»

«እንግዲያ ጫን!»

ጫነ። ራሱ ተሸክሞ ያወጣውን ራሱ ጫነ። ሻለቃም «አያ ጅቦ፣ ዳገቱን እቃዬን ይዘህልኝ ስለወጣህ አመሰግናለሁ። ባዶ እጅህን ደግሞ አትመለስ፤ ጦጢት፣ ያችን ሽቦ ስጪው!» አለ። አያ ጅቦ ያችን ክንድ የማትሞላ ሽቦ ይዞ «ቁራሌው...» እያለ ዳገቱን ወረደ። ድምፁ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ጠፋ።

ፀሐይ ከተራራው ኋላ መግባት ስትጀምር ሻለቃ ሰፈር ገባ። የፀሐይዋ ግማሽ ገና ውጪ ነበረች! «የኛ ሻለቃ!» ተባለ። ጥጆቹ ጀሪካናቸውን ዘረጉ፣ ውሃው ወረደ፣ ጠጡ፣ ተራጩ። ጋሼ በሬ ግን ደረቱን አዩና ደነገጡ።

«ሻለቃ! ሜዳሊያዎ የታለች?»

ሻለቃ አላፈረም። ፊቱን ቀና አድርጎ፣

«ደረቴ ባዶ ነው፣ ጋሼ። በርሜሌ ግን ሙሉ ነው» አለ።

እሜቴ በቅሎም የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጋሼ በሬ ቀጥ አሉ፤ «ተጠንቀቅ!» አሉ። በሬው፣ ላሟ፣ ፍየሉ፣ ጫጩቱ ሳይቀር ቀጥ አለ። አንዲት ጥጃ ብቻ ውሃ አፏ ውስጥ ስለነበር ትን አላት። ሻለቃን እንደዛ አድርገው ሰላምታ ሰጡት። ጄኔራል እንኳን እንደዛ አልተሰጠውም።

ሻለቃም በዚያው ቦታ ቱቦውን አስር አለቃ አደረገው። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ የታነቅክ ቀን መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ» አለው።

ሜዳሊያዋስ? ጦጢት በክር አድርጋ ካቢናው ውስጥ መስታወቱ ላይ ሰቀለቻት። እዚያ የሚታነቅ ነገር የለም። የሻለቃ ዓይን ከውጪ ነው፣ አያያትም። ዳገት በጀመሩ ቁጥር ግን «እሜቴ፣ ታበራለች?» ይላታል።

«ታበራለች፣ ሻለቃ» ትለዋለች።

በቃ፣ ያንን ዳገት አንድ ቀን ሳይቆም፣ ፉርርር እያለ፣ ልጆቹም በድምፁ ብቻ እያወቁት ሲወጣ ኖረ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ትርንጎ ይሄን አስምሪበት፣ የምትወዱትን ስትሸልሙ መጀመሪያ በየት በኩል እንደሚተነፍስ እዩና...

«እትዬ ዘርትሁን! ኧረ እትዬ ዘርትሁን! አንድ ከባድ መኪና በሩ ላይ እየፈላ ቆሟል! ሹፌሩ ኮፈኑን አውልቁልኝ ይላል!»

እናንተ በሩ ላይ ያላችሁ፣ እንዳይነካው በሉት! ምንም እንዳያወልቅ! ፊቱ ላይ ያሰረው ጌጥ ካለ እዩልኝ፣ መጣሁ! ትርንጎ፣ ይሄን እንዳትጽፊ፤ የቱ ጋ ነበርኩ? አዎ፣ በየት በኩል እንደሚተነፍስ እዩና ከዚያ በኋላ ሽልማቱን እሰሩለት።